ዶሮ በቆላ፦ ከድሬዳዋ እስከ ጋምቤላ ላለ የጓሮ አርቢ

በእጅ የሚገባው የዶሮ እርባታ ምክር አብዛኛው የወይና ደጋ ምክር ነው። ቤቱን ከነፋስ ከልሉ፣ ጉዝጓዙን አወፍሩ፣ ማታ በሩን ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉ፣ መኖ ከፊታቸው አይጥፋ ይላል። ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ለተቀመጠችው ቢሾፍቱ ደግ ምክር ነው። ወደ ድሬዳዋ (1,200 ሜትር ገደማ)፣ ወደ መተሐራ (950 ሜትር ገደማ) ወይም ወደ ጋምቤላ (500 ሜትር ገደማ) ሲወርዱ ግን እያንዳንዱ ትእዛዝ መገልበጥ አለበት። ነፋሱ ይግባ፣ ጉዝጓዙ ይሳሳ፣ ሌሊት ቤቱ ይተንፍስ፣ መኖው በቀትር ይነሳ።

ይህ መመሪያ ከ10 እስከ 30 ዶሮ በጓሮው ለሚይዝ ቤተሰብ የተጻፈ ነው። ምሳሌዎቼን በብዛት የምወስደው ከድሬዳዋ ነው፤ የጋምቤላ ሙቀት ጠባዩ የተለየ ስለሆነ በየቦታው ለብቻው አነሳዋለሁ።

በቅድሚያ፦ ሙቀት ዶሮን ምን ያደርጋታል?

ዶሮ ላብ የላትም። የሰውነቷ ሙቀት በደኅናው ቀን እንኳ 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሙቀቱን የምታስወጣው ራሷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ፣ ከአገጯ ሥር በሚንጠለጠለው፣ ላባ በሌለው እግሯና ክንፏን ስታነሳ በሚገለጠው ብብቷ ነው። ይህ አልበቃ ሲል አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ባለው አየር ተመችቷት ትውላለች፤ ከ30 ሲያልፍ ማለክለክ ትጀምራለች፤ ወደ 38 ሲጠጋ፣ በተለይ ሥጋዋ የከበደ ከሆነች፣ ለሞት ትቀርባለች።

ማለክለኩም የራሱ መዘዝ አለው። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከደሟ ከመጠን በላይ ይወጣል፣ የደሟ የአሲድ ሚዛን ይዛባል፣ ለእንቁላሉ ቅርፊት መዋል የነበረበት ካልሲየም ይጎድላል። በግንቦት ወር በጣት ሲነኩት የሚሰበር ስስ እንቁላል የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። መኖ ሻጩን ከመውቀስዎ በፊት ቴርሞሜትር ይመልከቱ።

ሌላው ማወቅ ያለብዎት፣ መኖ ራሱ ሙቀት መሆኑን ነው። የበላችው እህል በሆዷ ሲፈጭ የሚፈጥረው ሙቀት ከበላች ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጣሪያ ይነካል። ከረፋዱ 3 ሰዓት ጠግባ የበላች ዶሮ የውስጥ እሳቷ የሚነድደው ልክ የውጩ ፀሐይ በሚበረታበት በ7 እና በ8 ሰዓት ነው። ከዚህ በታች ያለው ነገር ሁሉ ከዚህች እውነት የሚመነጭ ነው ማለት ይቻላል።

ደረጃ 1፦ ደረቅ ሙቀት ነው ወይስ ወበቅ?

ምስማር ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይለዩ። ቀትር ላይ እርጥብ ፎጣ ጥላ ሥር ይስቀሉ። ዞር ብለው ሲመለሱ ደርቆ ካገኙት ሙቀትዎ ደረቅ ነው፤ የድሬዳዋ፣ የመተሐራና የአፋር ሜዳዎች የበጋ ሙቀት ይህን ይመስላል። በደረቅ አየር ውሃ ሲተንን ያቀዘቅዛል፤ እርጥብ ጆንያ መስቀል፣ የቤቱን ዙሪያ መሬት ማርጠብ፣ የሸክላ ገንቦ መጠቀም ሁሉም ይሠራል።

ፎጣው ለረጅም ጊዜ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ያለብዎት ወበቅ ነው። ጋምቤላ ዝናቡ ሲገባ፣ ድሬዳዋም በሐምሌና በነሐሴ ከዝናብ በኋላ በሚመጣው ፀሐይ፣ እንዲህ ይሆናል። በወበቅ ጊዜ ውሃ መርጨት ጉዳቱ ያመዝናል፤ አየሩ ቀድሞውኑ እርጥበት ጠግቧልና የዶሮዋ ማለክለክ ፋይዳ ያጣል። እዚያ የሚያድነው ነፋስ ብቻ ነው። በአንዱ ከተማ የሰማውን ዘዴ በሌላው የሚሞክር ሰው «እኔ ያልሆነልኝ ለምንድን ነው?» እያለ የሚገረመው ይህን ሳይለይ ስለሚጀምር ነው።

ደረጃ 2፦ ዘሩንና ወሩን መምረጥ

ለቆላ የሚመረጠው ቀለል ያለ ሰውነት ያላት ዶሮ ናት። ቦቫንስ ብራውን ብዙ እንቁላል ትጥላለች፣ ነገር ግን የተሟላ መኖና ጥሩ ጥላ ካላገኘች ሙቀት ቶሎ ይጥላታል። ሳሶ ለሥጋም ለእንቁላልም ትሆናለች፤ ክብደቷ ግን በግንቦት ጠላቷ ነው፣ አውራዎቹ ደግሞ ይብስባቸዋል። ከደቡብ አፍሪካ የመጣችው ኮይኮይክ እና ከሆሮ ዝርያ ተመርጣ በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል የተሻሻለችው ዶሮ ለቤተሰብ እርባታ መካከለኛ ምርጫ ናቸው። ከግብፅ የመጣችው ፋዩሚ ሙቀትን እንደ አገሯ ትችለዋለች፤ እንቁላሏ ትንሽ ነው፣ እሷም በራሪና ደንጋጣ ናት፣ አጥሩን ከፍ ያድርጉ።

የእኔ ምርጫ ግን አንገተ መላጣዋ የአገራችን ዶሮ ናት። ላባዋ ከሌሎቹ ከ20 እስከ 40 በመቶ ያነሰ ስለሆነ ሙቀቱ ከገላዋ በቀላሉ ይወጣል። ገበያ ላይ መልኳን የሚጠላ አይጠፋም፣ ለበዓል የሚገዛም ቀዩንና ገብስማውን ያስቀድማል። ለራስዎ ቤት እንቁላል ከሆነ ግን የገዢ ዐይን ምን ገዶዎ? አንገተ መላጣ አውራ ከተሻሻለች ሴት ጋር ቢያዳቅሉ ቢያንስ ግማሽ ያህሉ ጫጩቶች አንገታቸው የተራቆተ፣ እንቁላላቸውም ከአገሬው የተሻለ ይሆናል።

ወሩን በተመለከተ፣ የድሬዳዋ ኃይለኛ ሙቀት ግንቦትና ሰኔ ነው፤ የጋምቤላው ቀደም ብሎ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መግቢያ ይመጣል። የሚፈልጉት ዶሮዋ እንቁላል መጣል የለመደች፣ ሰውነቷ የጸና ሆና ሙቀቱን እንድትቀበለው ነው። ድሬዳዋ ላይ የሁለት ወር ቄቦችን በመስከረም ማብቂያ ቢገዙ በጥር አካባቢ መጣል ይጀምራሉ፣ እስከ ግንቦት ይበረታሉ። በሚያዝያ የገዙ እንደሆነ ግን ጉዞው፣ አዲሱ ቤትና ሙቀቱ አንድ ላይ ይረባረቡባቸዋል። አውራ ዶሮ ለሥጋ የሚያደልቡ ከሆነ ለፋሲካ ይሽጡ፤ ፋሲካ ሙቀቱ ከመክረሩ ቀድሞ ነው የሚውለው፣ ዋጋውም ያኔ ነው። ትንሽ ቢቆይ ይከብድልኛል ብሎ እስከ ሰኔ የያዘ ሰው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴትዮ ይሆናል።

የአንድ ቀን ጫጩት ለጀማሪ አልመክርም። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ቆላ ነው ብለው ሌሊት ያለ ማሞቂያ ቢተዋት ንጋት ላይ ብርድ ይገድላታል፣ ቀን ማሞቂያውን ሳያነሱ ቢረሱት ደግሞ ሙቀት። ከጀመሩ ዐይንዎ ጫጩቶቹ ላይ ይሁን፤ ተደራርበው ከተከማቹ በርዷቸዋል፣ ከማሞቂያው ሸሽተው ጠርዝ ላይ አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል።

ደረጃ 3፦ ቤቱ

ገንዘብዎን የሚያወጡት እዚህ ላይ ይሁን። ቤቱ በትክክል ከተሠራ ከሌላው ጣጣ ግማሹ ይቀራል።

ቤቱ ረዥም ጎኑ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ይሁን። የጠዋትና የማታ ፀሐይ የሚያርፈው አጭሩ ግድግዳ ላይ ብቻ ይሆናል። አንድ ነገር ግን አብዛኛው ሰው ይረሳል። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ ብዙም ሳንርቅ ነው፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ባለው ጊዜ የቀትር ፀሐይ በድሬዳዋ ሰማይ ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። በከባዱ ሙቀት ወር ፀሐይ የሚገባው በሰሜኑ ጎን ነው ማለት ነው፤ በታኅሣሥ ደግሞ በደቡቡ። ስለዚህ የጣሪያው ክፈፍ በሁለቱም ረዥም ጎኖች ወደ አንድ ሜትር ያህል ይውጣ። ደቡቡን ብቻ አጥልቶ ሰሜኑን የተወ ቤት በሰኔ ዶሮዎቹን ለፀሐይ ያሰጣል።

ስፋቱ በደጋ ከሚለካው ላቅ ይበል። በካሬ ሜትር ከ4 ዶሮ አያስበልጡ፤ ለ20 ዶሮ 2 በ2 ሜትር ተኩል የሆነ ቤት ይበቃል። ዶሮዎች እርስ በርሳቸው ይሟሟቃሉ፤ መጨናነቅ ማለት ማሞቂያ መጨመር ነው። ግድግዳው እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ በድንጋይ ወይም በጭቃ ይነሳ፣ ከዚያ በላይ በአራቱም ማዕዘን የሽቦ ወንፊት ይሁን። የሽቦው ቀዳዳ ጠባብ ይሁን፣ እባብና አይጥ አያሳልፍ። የምዕራቡን ጎን ብቻ ከ9 ሰዓት በኋላ በሚወርድ ሰሌን ወይም ጆንያ መከለል ይቻላል።

አሁን ስለ ሌሊቱ። በጓሮ እርባታ ትልቁ ስሕተት ይህ ይመስለኛል፤ ሸለምጥማጥ ይወስድብናል ብለን ዶሮዎቹን ዙሪያዋ በቆርቆሮ በተመታች ጠባብ ሳጥን ውስጥ እንቆልፍባቸዋለን። ቀኑን ሙሉ ስታለከልክ የዋለች ዶሮ የምታገግመው በሌሊቱ ቅዝቃዜ ነው። ሌሊቱን በራሷና በጓደኞቿ ትኩሳት ታፍና ካደረች ነገን የምትጀምረው ደክማ ነው፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ትወድቃለች። የሞተችው በቀትር ስለሆነ ጥፋቱን ለቀትር እንሰጣለን። መፍትሔው ሸለምጥማጥን በጠንካራ ሽቦ መከላከል ነው፦ ሽቦው ከምሰሶው ጋር በደንብ ይቸንከር፣ ታችኛው ጫፉ መሬት ውስጥ ስንዝር ተኩል ይቀበር፣ በሩ መቀርቀሪያና መንጠቆ ይኑረው። ሸለምጥማጥ ሽቦ አይበጥስም፣ የላላ ጥግ ካገኘ ግን ሾልኮ ይገባል።

ጣሪያው የሳር ቢሆን ቀዝቃዛ ነው፤ ችግሩ አይጥ፣ ቅንቅንና መዥገር ይጠለሉበታል። ቆርቆሮ ከሆነ (አብዛኛው ሰው ያለው እሱ ነው) ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ትተው ሰሌን ወይም ቀርከሃ ያንጠልጥሉ፤ በመካከሉ ያለው አየር በሁለቱም ጫፍ መውጫ ይኑረው። ላዩን ኖራ ይቀቡት። ነጭ ጣሪያ ፀሐይን ይመልሳል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ዝናብ ሲያጥበው ከሙቀቱ ወር በፊት ይደግሙታል። ዱባ ወይም ቅል ጣሪያው ላይ ቢያወጡ ከኖራውም ይበልጣል፤ ዱባውን ደግሞ ይበሉታል። ለጓሮው ዘላቂ ጥላ ድሬዳዋ ላይ ኒም በቀላሉ ይበቅላል። ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃማ መጤ ዛፍ ግን፣ ቶሎ ያድጋል ብለው እንዳይተክሉት፣ አንዴ ከያዘ ግቢው የእርስዎ መሆኑ ይቀራል።

ቆጡ ከጣሪያው ቢያንስ አንድ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ሙቀት ላይ ላዩን ነውና የሚጠራቀመው። ለአንዲት ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር ቦታ ይስጡ። ጉዝጓዙ ሰጋቱራ ወይም ጭድ ሆኖ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ይብቃው፤ በደጋ የሚመከረው ወፍራም ጉዝጓዝ ሲብላላ ሙቀት ያወጣል። ውሃ ከፈሰሰበት ወዲያውኑ ያንሱት። ቤቱ ውስጥ ገብተው ዐይንዎን የሚቆጠቁጥ ሽታ ካለ ዶሮዋ ከእርስዎ በፊት ተጎድታለች።

የእንቁላል መጣያ ሳጥን ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ አንድ ይበቃል። ጀርባው በጣውላ ፋንታ ሽቦ ይሁን፣ ከምዕራቡ ግድግዳ ይራቅ። ዶሮ ልትጥል ስትገባ ረዘም ላለ ጊዜ ሳትነቃነቅ ትቀመጣለች፣ የታፈነ ሳጥን ውስጥ ሞታ የምትገኝበት ጊዜ አለ።

ደረጃ 4፦ ውሃ

በደጋ ዶሮ የምትጠጣው ውሃ የምትበላውን መኖ እጥፍ ያህል ነው። በድሬዳዋ ግንቦት አንዲት ዶሮ በቀን ግማሽ ሊትር ትጠጣለች፤ ለ20 ዶሮ 10 ሊትር መሆኑ ነው፣ ከሚደፋው ጋር 13 ሊትር ያሰናዱ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች የዶሮዎቹ ጀሪካን ከቤቱ ጀሪካን ተለይቶ ይቀመጥ፤ አለዚያ እንግዳ የመጣ ቀን የዶሮዎቹ ድርሻ ቡና ይሆናል።

መጠኑ ብቻ አይበቃም፣ ቅዝቃዜውም ይታይ። ውሃው ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ መጠጣት ይቀንሳሉ፤ ማለትም በጣም በሚያስፈልጋቸው ሰዓት ይተዉታል። ፀሐይ ላይ ከቆመ ጥቁር ሮቶ በቀጥታ የተቀዳ ውሃ ሻይ እንጂ መጠጥ አይደለም። በደረቅ ሙቀት አካባቢ ከሸክላ የተሻለ ነገር አላየሁም። ውሃውን ማታ በእንስራ ሞልተው ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያሳድሩ፤ በሸክላው ገላ የሚያዥው እርጥበት ሲተንን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ዝቅ ያለ የሸክላ ወጭትም ለመጠጫነት ይሆናል፣ ዶሮዎቹ እንዳይገቡበት መሐሉ ላይ ንጹሕ ድንጋይ ያስቀምጡ። በጋምቤላ ወበቅ ሸክላ ይህን ያህል አይረዳም፤ እዚያ መጠጫውን ቶሎ ቶሎ መለወጥ ይሻላል።

ውሃውን ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ከቀኑ 7 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት ይለውጡ። አንዱን ብቻ የሚችሉ ከሆነ የ7 ሰዓቱን አይተዉ። መጠጫው ከሁለት አይነስ፣ በተለያየ ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ አንድ ከሆነ ኃይለኛዎቹ ከበው ይቆሙና ደካማዋ ከሙቀቱ በፊት ጥም ይጨርሳታል። በየቀኑ በብሩሽ ይታጠብ፣ በሙቀት አረንጓዴው ዝቃጭ ለመያዝ ሁለት ቀን አይፈጅበትም።

ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገኘውን የኤሌክትሮላይትና የቫይታሚን ሲ ዱቄት ለክፉ ቀን ይያዙ። በጣም በሚከብደው ቀን ማለዳ ላይ በተጻፈለት መጠን በጥብጠው ለግማሽ ቀን ይስጡ፣ ከዚያ ወደ ንጹሕ ውሃ ይመለሱ። ወሩን ሙሉ ጨው ያለበት ውሃ ማጠጣት ግን ዶሮን ይጎዳል።

ደረጃ 5፦ መኖን በሰዓት ማብላት

እንቁላል የምትጥል ዶሮ በተመቸ አየር በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች። በሙቀት ይህ ይቀንሳል፣ ያስገድዷት ዘንድ ዘዴ የለም። ያለዎት አማራጭ የምትበላበትን ሰዓት መለወጥና የምትበላውን ማጠንከር ነው።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ የቀኑን መኖ አንድ ሦስተኛ ያቅርቡ። ከረፋዱ 3 ሰዓት ላይ ገበታውን ያንሱ። አዎ፣ ባዶ ያድርጉት፤ ሲያዩዎት ቢጮኹም አይዘኑ። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ የቀረውን ሁለት ሦስተኛ ይስጡ፣ እስኪጨልም ይብሉ። መብራት ካለዎት ከንጋቱ 10 እስከ 12 ሰዓት አንድ ትንሽ አምፖል ማብራት ሁለት ጥቅም አለው፦ በቀዝቃዛው ሰዓት ይበላሉ፣ እንቁላል ለመጣል የሚያስፈልጋቸው የብርሃን ሰዓትም ይረዝማል። ብርሃኑ ከቀኑ ጋር ተደምሮ ከ16 ሰዓት አይለፍ፤ ሰዓቱንም በየቀኑ አይለዋውጡት።

የእንቁላል ጣይ መኖ ፕሮቲኑ ከ16 እስከ 17 በመቶ፣ ካልሲየሙ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ መሆን አለበት። በሐረርጌ በቆሎና ማሽላ በቀላሉ ይገኛል፣ ፉርሽካም እንዲሁ፤ እነዚህ ግን ብቻቸውን ሆድ ይሞላሉ እንጂ እንቁላል አይሆኑም። የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የቀረው) ፕሮቲኑን ይጨምራል። የሽፈራው ቅጠል ጥላ ላይ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ከመኖው 5 በመቶ ያህል ቢገባ ለአስኳሉ ቀለምም ይበጃል። ከእህል ይልቅ ቅባት ሲፈጭ የሚያወጣው ሙቀት አነስተኛ ነው፤ በኪሎ መኖ 20 ግራም ገደማ የምግብ ዘይት መቀላቀል ስለዚህ ይረዳል፣ ብቻ በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ የዕለቱን በዕለቱ ይቀላቅሉ።

የለውዝ ፋጉሎን በተመለከተ ቆም ልበል። ባቢሌ ቅርብ ነው፣ ለውዙም ፋጉሎውም በርካሽ ይገኛል፣ ፕሮቲኑም ከፍተኛ ነው። ነገር ግን ለውዝ በሙቀትና በእርጥበት ሲከማች አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ይይዘዋል። መርዙ በዐይን አይታይም፣ መቀቀልም ማድረቅም አያጠፋውም፤ የዶሮዋን ጉበት ይጎዳል፣ ለሚበላትም አይበጅም። ጥቁር የነካው፣ የሻገተ ሽታ ያለው ወይም ምንጩን የማያውቁት የለውዝ ፋጉሎ በነጻ ቢሰጥዎትም አይውሰዱ። ሌላውም መኖ ቢሆን ከመሬት ከፍ ብሎ በጣውላ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ከአንድ ወር በላይ የሚቆይ አይግዙ።

ለቅርፊቱ የሚሆነውን ካልሲየም ማታ ይስጡ። የእንቁላል ቅርፊት የሚሠራው በአብዛኛው በሌሊት ስለሆነ፣ የተፈጨ ግን ያልላመ የኖራ ድንጋይ፣ ወይም ተቀቅሎ የደረቀና የተሰባበረ የእንቁላል ቅርፊት፣ በተለየ ሳህን ከ10 ሰዓት በኋላ ይቀርብላቸው። የምትፈልገው ራሷ ትለቅማለች።

ደረጃ 6፦ ከ4 እስከ 10 ሰዓት

በእነዚህ ሰዓታት ዋናው ሥራ አለመንካት ነው። ዶሮ መያዝ፣ ማዛወር፣ መከተብ፣ ለገዢ ማሳየት፣ ሕፃናት ሲያሯሩጧት ዝም ማለት፣ ሁሉም ለማለዳ ወይም ለማታ ይቆይ። በሙቀት ላይ ሩጫ የተጨመረባት ዶሮ በደቂቃዎች ውስጥ ልትወድቅ ትችላለች።

ደረቅ ሙቀት ከሆነ ነፋስ በሚመጣበት ጎን ጆንያ አርጥበው ይስቀሉ፣ መሬቱን ከቤቱ ውጭ ያርከፍክፉ፣ ጉዝጓዙን ግን አያርጥቡ። ዛፍ ሥር አፈር ቆፈር አድርገው ትንሽ ቢያረጥቡላቸው ተንከባልለው ይተኙበታል፤ ከማራገቢያ አያንስም። ማራገቢያ ካለዎት ከዶሮዎቹ ቁመት እኩል ዝቅ ያድርጉት፤ ከላይ የተሰቀለ የሚያራግበው ጣሪያውን ነው። የሐብሐብ ወይም የፓፓያ ልጣጭ በልኩ መስጠት ይቻላል፣ ውሃነቱ ይበዛልና አያሞቃቸውም።

ምልክቶቹን በደረጃ ይወቁ። ክንፏን ከገላዋ አራርቃ አፏን ከከፈተች ገና ራሷን እየረዳች ነው፤ ጥላና ውሃ ይበቃታል። አንገቷን ዘርግታ በጣም በፍጥነት የምታለከልክ፣ ዐይኗን የምትከድን ከሆነ አደጋው ቀርቧል። መቆም አቅቷት ከተዘረረች ጊዜ የለዎትም፦ ቀዝቀዝ ባለ (በረዶ ባልሆነ) ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ጭንቅላቷን ከውሃው በላይ ይዘው እስከ አንገቷ ይንከሯት። ላባው ላይ መርጨት ፋይዳ የለውም፣ ውሃው ቆዳዋን መንካት አለበት። አንድ ሁለት ደቂቃ ካቆዩ በኋላ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ያስቀምጧት፣ ራሷን ስታውቅ ጠብ ጠብ እያደረጉ ያጠጧት። ራሷን የሳተችን ዶሮ በግድ ማጠጣት ሳንባዋን በውሃ መሙላት ነው።

ደረጃ 7፦ ፈንግልን ከሙቀት መለየት፣ ክትባት፣ መዥገር

ፈንግልም ሙቀትም ዶሮን ያስለከልካሉ፣ ሁለቱም በድንገት ይገድላሉ። መለያው ማታው ነው። ሙቀት የመታት ዶሮ አየሩ ሲቀዘቅዝ ትነሳለች፣ መኖ ትፈልጋለች። ፈንግል የያዛት ማታም እንደተኮራመተች ናት፤ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የአንገት መጠማዘዝ፣ የክንፍ መውደቅ ይታይባታል። ሙቀት የሚመርጠው ወፍራሞቹን ነው፣ ፈንግል ግን አይመርጥም። ከተጠራጠሩ የታመመችውን ይለዩ፣ የሞተችውን በጥልቅ ይቅበሩ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጥሩ፤ በምንም ምክንያት የቀሩትን ወደ ገበያ አያውጡ።

ፈንግል መድኃኒት የለውምና ያለው መንገድ ክትባት ነው። ለቆላ የሚመረጠው አይ-2 የሚባለው ሙቀት የሚቋቋም ክትባት በዐይን ጠብታ ይሰጣል። ሙቀት ይቋቋማል ማለት ግን ዳሽቦርድ ላይ ይቀመጣል ማለት አይደለም፤ በቀዝቃዛ ዕቃ ይያዝ። ላሶታ የሚባለው ሌላው የፈንግል ክትባት በመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን የሌለው ውሃ ይጠቀሙ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይስጡ፣ እንዲጠማቸው ቀድሞ ውሃ መከልከሉ በሙቅ አገር ከአንድ ሰዓት አይለፍ። በየሦስት ወይም አራት ወሩ ይደገማል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ተነጋግረው በአንድ ማለዳ ይከትቡ፤ የእርስዎ ተከትበው የጎረቤት ካልተከተቡ በሽታው አጥር አያግደውም። ቄብ ሲገዙ የፈንግልና የጉምቦሮ (ሌላው የዶሮ ተላላፊ በሽታ) ክትባት መቼ እንደተሰጣቸው በጽሑፍ ይጠይቁ።

በደረቅ ቆላ የዶሮ መዥገር ይበረታል። ቀን በግድግዳና በቆጥ ስንጥቅ ተደብቆ ይውላል፣ ሌሊት ወጥቶ ደም ይመጥጣል፤ ቀን ዶሮዋን ቢያገላብጡ ብዙውን ጊዜ አያገኙትም። ማታ በባትሪ ቆጡን ሥር ሥሩን ይመልከቱ። ስንጥቁን በጭቃ ይድፈኑ፣ ቆጡን አውጥተው በፈላ ውሃ ያጥቡ፣ የቆጡን እግሮች የተቃጠለ ዘይት በያዘ ጣሳ ውስጥ ያቁሙ።

ደረጃ 8፦ እንቁላሉ

በሙቀት ወር እንቁላል በቀን ሦስት ጊዜ ይሰብሰብ። ለመብል ብቻ ከሆነ አውራ አያስፈልግዎትም፤ ሴቷ ያለ እሱ ትጥላለች። አውራ ያለበት መንጋ እንቁላል ከ27 ዲግሪ በላይ በሆነ ክፍል ሲቀመጥ ውስጡ መብቀል ይጀምራልና ገዢ ሰብሮ ደም ያገኝበታል። ማስፈልፈል ከፈለጉም ከግንቦትና ከሰኔ ውጭ ያድርጉት።

እንቁላል አይጠቡ፤ የቆሸሸውን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ። ፍሪጅ ከሌለ ትንሽ ሸክላ በትልቅ ሸክላ ውስጥ አስቀምጠው በመካከሉ ያለውን አሸዋ በየዕለቱ ያርጥቡ፣ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ይክደኑ፤ በድሬዳዋ በጋ ጥሩ ማቀዝቀዣ ነው። የቆየውን ለመለየት ውሃ ውስጥ ይክተቱት፦ ትኩሱ ተጋድሞ ይሰጥማል፣ የቆየው ይቆማል፣ የተንሳፈፈውን ይጣሉት። ለሱቅ የሚያቀርቡ ከሆነ በማለዳ ያድርሱ፤ ባለሱቁ የእንቁላሉን ትሪ ፀሐይ በሚያርፍበት በራፍ ላይ የሚደረድር ከሆነ ደግሞ ሌላ ሱቅ ይፈልጉ።